በሲባጎ የታሰረችው ኩባያ፦ እናቴ ስላለችበት የአረጋውያን መጦሪያ

እናቴ 84 ዓመቷ ነው። ትውልዷ መንዝ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ በግ ስታረባ፣ ሱፍ ስትፈትል፣ ገብስ ስትቆላ የኖረች ሴት ናት። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ግን ያለ ደጋፊ ከአልጋ መነሣት አትችልም። እኔ ደግሞ 26 ዓመት ለብዙ ሰው በሚያበስል ወጥ ቤት ሠርቼ በጡረታ የወጣሁ ነኝ፤ ወገቤ በድስት ማንሣት ብዛት ስለተጎዳ እሷን ማንሣትና ማገላበጥ አቃተኝ። ባለፈው መስከረም ማለቂያ ላይ በደብረ ብርሃን ከተማ ዳር ወደሚገኝ አንድ የግል የአረጋውያን መጦሪያ አስገባኋት። እናትን መጦሪያ ማስገባት በእኛ ዘንድ ምን እንደሚያስብል አውቃለሁ፤ ብዙ ሌሊት አልቅሼበታለሁ። ይህን የምጽፈው ያንኑ መንገድ ለሚጀምሩ ልጆች ነው።

የቤቱን ስም አልጠራም። ከዚህ ቤት በፊት ሌሎች ሁለት ቤቶችን ዞሬ አይቻለሁ፤ የማነሣው ጉድለት በሦስቱም ነበረ። ይህኛው ደግሞ ከተነገረው የሚበዛውን አርሟል። ስሙን ጠርቼ ሰዎቹን ማሳፈር አልፈልግም፤ የምፈልገው ማንም ልጅ ቤት ሲመርጥ የት የት ማየት እንዳለበት እንዲያውቅ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ያየሁት አብዛኛው ደስ ያሰኛል። ግቢው ተጠርጓል። በየአልጋው ላይ ሁለት ሁለት ብርድ ልብስ ተደርቧል፤ ለደብረ ብርሃን ብርድ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በር ላይ የእጅ ማጽጃ አልኮል ተሰቅሏል። ሁሉም ሲስተር የሚላት ነርስ የእናቴን መድኃኒት አንድ በአንድ መዝግባ ተረከበችኝ፤ ስትናገርም ዝቅ ብላ፣ እናቴን ዓይን ዓይኗን እያየች ነው። ግን ወጥ ቤት ውስጥ ያረጀ ሰው ዓይኑ የሚሄደው ወደ ውሃው ነው።

በኮሪደሩ ጫፍ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ቆሟል። ከጎኑ በሲባጎ የታሰረች አንዲት የአልሙኒየም ኩባያ ተንጠልጥላለች። ቆሜ አየሁ። አንድ አባት ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ክዳኑን አነሡ። ውሃው ጎድሎ ስለነበር ኩባያዋን ሲያጠልቁ እጃቸው እስከ አንጓቸው ገባ። ጠጡ፤ የተረፈውን መልሰው በርሜሉ ውስጥ ጨመሩት። ውሃ ከሩቅ ምንጭ በጀርባ እየተቀዳ ሲመጣ አይተው ያደጉ ሰው ናቸውና መሬት ላይ መድፋት ነውር ይሆንባቸዋል። ከእሳቸው ቀጥለው አንዲት እናት በዚያችው ኩባያ ጠጡ። ሲባጎው ጫፉ ጠቁሯል፤ ኩባያዋ በገባች ቁጥር አብሮ ይነከራል።

ለሲስተር ነገርኳት። «ውሃው የታከመ ነው፣ ውሃ አጋር እንጨምርበታለን» አለችኝ። አልዋሸችም፤ የክሎሪን ፈሳሹን ጠርሙስም አሳየችኝ። ነገር ግን ክሎሪን የሚሠራው ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሲገባና ከዚያ በኋላ ሳይነካ ሲቀር ነው። እጅና ምራቅ፣ የሲባጎም እድፍ በገባበት ቁጥር ኃይሉ እዚያው ላይ ያልቃል። ጠዋት የታከመ ውሃ እንዲህ እየተጠለቀበት ከዋለ ማታ የታከመ ነው ማለት አይቻልም። ይህን ብነግራትም ያን ቀን የተለወጠ ነገር አልነበረም።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ስልኬ ጮኸ። «እማማን እያስመለሳት ነው» አሉኝ። በሦስት ቀን ውስጥ ከ31 ተጧሪዎች 14ቱ በትውከትና በተቅማጥ ተያዙ፤ ሁለቱ ሆስፒታል ገብተው በግሉኮስ ነው የተመለሱት። እናቴ ሆስፒታል አልገባችም፤ ግን ስደርስ ዓይኖቿ ጎድጉደው ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ አገኘኋት። «ጠምቶሻል?» ብዬ ብጠይቃት «ኧረ አልጠማኝም» አለች። ይህን ሁሉም ሰው ቢያውቀው እመኛለሁ፤ ሰው ሲያረጅ ጥሙ ይደክማል። ሰውነቱ ደርቆ እንኳ ውሃ አይጠይቅም። ስለዚህ በአረጋውያን ዘንድ ለወጣት የሁለት ቀን ድካም የሆነ ተቅማጥ ኩላሊት እስከ መጉዳት፣ ሕይወት እስከ ማጥፋት ይደርሳል።

እዚህ ላይ ሲስተርን ሳላመሰግን አላልፍም። አንዱን የኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ ዱቄት) ከረጢት በልኩ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣ፣ ከአልጋ አልጋ እየዞረች በሻይ ማንኪያ ሌሊቱን ሙሉ ስታጠጣቸው አደረች። ባስመለሳቸው ጊዜ ትንሽ ጠብቃ እንደገና ትጀምራለች። እናቴ የተረፈችው በዚያ ማንኪያ ነው ብዬ አምናለሁ።

ምርመራ ስላልተደረገ የሕመሙን ስም አፌን ሞልቼ አልናገርም። ድንገት በትውከት ጀምሮ በሁለት ሦስት ቀን ቤት ሙሉ ሰው የሚጥለውን፣ በአረጋውያን መጦሪያዎች በዓለም ዙሪያ በተደጋጋሚ የሚታየውን ሕመም ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ኖሮቫይረስ የሚባለው ነው። ሰውን ለማሳመም ከመቶ ያነሱ ቅንጣቶች ይበቁታል። በበር እጀታና በአልጋ ጠርዝ ላይ ለቀናት ይቆያል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በር ላይ የተሰቀለው አልኮል እሱን በደንብ አይገድለውም። ቤቱ የሚተማመነው በዚያ አልኮል ነበር፤ ለዚህኛው ጠላት የሚያስፈልገው ግን ሳሙናና የሚፈስ ውሃ ነው።

ውሃው ብቻ ነበር ወይ? አልነበረም። ይህንን መናገር ይከብደኛል፤ ምክንያቱም አይቼ ዝም ያልኩት ነገር ነው። ሕመሙ ከመነሣቱ በፊት በነበረው ቀን ጠዋት እናቴ ዘንድ ተቀምጬ ነበር። አንዲት ልጅ፣ 19 ዓመት ቢሆናት ነው፣ የገብስ በሶ በሳህን ይዛ መጣች። በእጇ ጨብጣ ጨብጣ ለእያንዳንዱ ሰው ጭብጦውን በመዳፉ ታስቀምጣለች። ጥርስ ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ ቁርስ የለም፤ እናቴም ከሥጋ ይልቅ የምትወደው እሱን ነው። ልጅቱ ፊቷ ገርጥቷል። «ምነው፣ አሞሻል እንዴ?» አልኳት። «ሌሊቱን ሲያስመልሰኝ ነው ያደረው፣ አሁን ተሽሎኛል» አለችኝ።

በሶ ገብሱ ከተቆላና ከተፈጨ በኋላ እሳት አያይም። ተበጥብጦ፣ በእጅ ተጨብጦ፣ በቀጥታ ወደ አፍ ነው። ወጥ ቢሆን ድስቱ ያፈላዋል፤ በሶን ግን ከእጅ የሚያድነው ራሱ የእጁ ንጽሕና ብቻ ነው። ይህን 26 ዓመት ለሠራተኞች ሳስተምር ኖሬ ያን ቀን «ተይው፣ እኔ ታጥቤ ልጨብጥ» ማለት አቃተኝ። እንግዳ ነኝ ብዬ አፈርኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በልጅቱ ግን አልፈርድም። ቆይቼ ስጠይቃት ከሥራ የቀረችበት ቀን እንደሚቆረጥባት ነገረችኝ፤ ከደመወዟም ለታናሽ ወንድሟ ትምህርት ትልካለች። ትውከትና ተቅማጥ የያዘው የወጥ ቤት ወይም የእንክብካቤ ሠራተኛ ሕመሙ ከተወው በኋላ እንኳ ቢያንስ 48 ሰዓት ከሥራ መራቅ አለበት፤ «ተሽሎኛል» ያለ ሰው ገና ተሐዋስያኑን እያወጣ ነውና። ደመወዟን እየቆረጡ ግን ይህን ከእሷ መጠበቅ ግፍ ነው። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ቤተሰቦች ተሰብስበን ከባለቤቱ ጋር ስንነጋገር በጣም የተከራከርኩት በዚህ ነው። ብዙ ነገር ተቀበሉን፤ ይህን ግን «እናስብበታለን» አሉ። እስከ ዛሬ እያሰቡበት ነው። ለቤቱ ሙሉ ነጥብ የማልሰጥበት አንዱና ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

የተለወጠውን ልንገራችሁ። በርሜሉ ተነሥቶ በምትኩ ባለ ቧንቧ የውሃ ማጠራቀሚያ ከፍ ባለ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ማንም እጁን አያስገባም፤ ከፍቶ ይቀዳል፣ ይዘጋል። ውሃ አጋሩ ይቀጥላል። ለደካሞቹ ደግሞ የፈላ ውሃ ይሰጣል፤ እዚህ ላይ ከፍታችንን ማሰብ አለብን። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃ እዚህ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላ አልበስል ብሎ የሚያስመርረን ለዚሁ ነው። ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ ያለ ሰው የሚጠጣውን ውሃ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል እንዲያፈላው ይመከራል።

ኩባያም ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ተገዛለት። አብዛኞቹ ፊደል ስለማያነቡ ስም መጻፍ አይጠቅምም። አንዲት እናት በየእጀታው ላይ የተለያየ ቀለም ያለው የሱፍ ክር አሰሩበት፤ ሲያዩት ያምራል። በሳምንቱ ሳይ ግን ክሩ ሁሉ ርሶ፣ ወጥ ጠጥቶ፣ ሸትቷል። ያው ሲባጎው በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው። እኔ የጥፍር ቀለም አመጣሁ፤ በየኩባያው ሥር ምልክት አደረግን፤ ታጥቦ የማይለቅ፣ እድፍም የማይዝ። የእናቴ ቀይ ነጥብ ነው። አጠገቧ የምትተኛዋ ሁለት ነጭ ነጥብ። ዛሬ ኩባያ ቢቀላቀል ራሳቸው ናቸው የሚጣሉበት።

የከበደው ማዕዱ ነው። ሕመሙ እንደ በረደ አስተዳደሩ ለሁሉም ለየብቻ በሳህን አድርጎ በየአልጋው ማደል ጀመረ። በወረቀት ላይ ትክክል ነው። እናቴ ግን መብላት አቆመች። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል፤ ምን በድዬ ነው ለብቻዬ የሚቀርብልኝ?» አለችኝ። በእሷ ዓለም ለብቻው የሚቀርብለት ሰው የተገለለ ሰው ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጉንጯ ጎደጎደ። ከበሽታ ልናድናት ብለን በኀዘን ልናጣት ነበር።

ለሲስተር እንዲህ አልኳት፦ ማዕዱ ይመለስ፣ የሚለየው እጅ የሚገባበት ቦታ ብቻ ይሁን። አሁን ስድስት ስድስት ሆነው በአንድ ገበታ ዙሪያ ይቀመጣሉ። በእያንዳንዱ ሰው ፊት ትንሽ ሳህን አለ፤ ወጡን አንዲት ሠራተኛ በጭልፋ ከመሐሉ ድስት ታወጣላቸዋለች። ይመርቃሉ፣ ይጫወታሉ፣ ይበላሉ። ከመብላታቸው በፊት ማስታጠቢያው በሳሙና ይዞራል፤ ሲስተር እጃቸውን እያሹ አባታችን ሆይን ረጋ ብለው እንዲደግሙ አስተምራቸዋለች። ጸሎቱ ሲያልቅ መታጠብ የሚገባቸው 20 ሰከንድ አልፏል። ይህን ያሰበች ልጅ እግዚአብሔር ይባርካት። ጉርሻ በሕመም ወራት ቀርቶ ነበር፤ አሁን ተመልሷል። እናቴ ታጥባ ጎረቤቷን ስታጎርስ ሳያት አልከለከልኳትም፤ ልከለክላትም አልፈልግም። አንዱ እንኳ ተቅማጥ የያዘው ቀን ግን ይቁም፤ ይህን እሷም ተቀብላለች።

ቆሎውም በአንድ ሰፌድ ቀርቶ በየሰው ስኒ ይሰፈራል። የስኳሩ ዕቃ የራሱ ደረቅ ማንኪያ ተደርጎለታል፤ ቀድሞ ሻይ ያማሰለ፣ አፍ የገባም ማንኪያ ተመልሶ ይገባበት ነበር።

አንድ ስህተት ግን በሌላ በኩል ሠርተዋል። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ላይ ያሉ አንድ አባት አሉ። ኩባያቸውንና ሳህናቸውን ከሌላው ለይተው፣ በር አጠገብ ብቻቸውን ያበሏቸው ነበር። ነቀርሳ በኩባያ፣ በሳህን፣ አብሮ በመብላት አይተላለፍም፤ የሚተላለፈው በሳል ወደ አየር በሚወጣው ነው። ስለዚህ የሚጠቅመው መስኮት መክፈትና መድኃኒቱን ስድስቱን ወር ሳያቋርጡ መውሰዳቸው ነበር። ብርዱን ፈርተው መስኮቱን ቀኑን ሙሉ ዘግተው ሳህኑን መለየት ግን ሰውየውን ማዋረድ ብቻ ነው። ለሲስተር ስነግራት አዘነች። አሁን ፀሐይ በወጣች ሰዓት ተጧሪዎቹ ተሸፋፍነው መስኮቱ ይከፈታል፤ አባታችንም ሐኪማቸው ከፈቀደ በኋላ ወደ ገበታው ተመልሰዋል።

ከውጭ ስለሚመጣ ምግብ ደግሞ ለእኛ ለቤተሰቦችና ለለጋሾች የምለው አለኝ። ኅዳር 21 ቀን፣ የጽዮን ማርያም ዕለት፣ አንድ ቤተሰብ ዝክር ይዞ መጣ። የጾም ወቅት ስለሆነ የምስር ወጥ ነው፤ ባለ ክዳን ትልቅ የፕላስቲክ ባልዲ ሙሉ፣ በባጃጅ ተጭኖ። ሲስተር ጉልበት ስማ ተቀበለች፤ ከዚያም «ስንት ሰዓት ነው የወጣው?» ብላ ጠየቀች። ሌሊት ተሠርቶ ስድስት ሰዓት ቆይቷል። ባልዲውን በእጄ ነካሁት፤ ለብ ያለ ነው። ለብ ያለ ምግብ ተሐዋስያን ከሁሉ በላይ የሚወዱት ነው፤ በ5 እና በ60 ዲግሪ መካከል በፍጥነት ይራባሉ። እንደገና ቢፈላ አብዛኞቹ ተሐዋስያን ይሞታሉ፤ አንዳንዶቹ የተዉት መርዝ ግን በማፍላት አይጠፋም። ያን ባልዲ ለማንም አልሰጠንም፤ ለጋሾቹን እንዳናሳዝን ከተሸኙ በኋላ ነው ያስወገድነው። የማርያም ዝክር ስለሆነ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የደፋሁት። እባካችሁ ጥሬውን አምጡ። ምስሩን፣ ጤፉን፣ ዘይቱን፣ ሳሙናውን። ለመዘከር የፈለገ እዚያው ወጥ ቤት ገብቶ ያብስል፤ በረከቱ አይጎድልም።

ጸበልም እንደዚሁ። ከጻድቃኔ ማርያም በጀሪካን የሚመጣውን ጸበል ቀድሞ በአንድ ጽዋ ይካፈሉት ነበር። አሁን አገልጋዩ በየራሳቸው ኩባያ ከላይ ያፈስሱላቸዋል። ማንም ቅር አላለውም፤ እናቴም ቀይ ነጥብ ያለባትን ኩባያዋን ከትራሷ ሥር አውጥታ ትዘረጋለች።

ያልተፈታው የወጥ ቤቱ ጉዳይ ነው። ማታ የተረፈው ወጥ በትልቁ ድስት እንዳለ ወለል ላይ ያድርና ጠዋት ለፍርፍር ይሞቃል። ወጥ ሠሪዋ «ደብረ ብርሃን ራሷ ማቀዝቀዣ አይደለችም ወይ?» ትለኛለች። ውርጩ የሚነካው የድስቱን ዳር ነው፤ መሐሉ ለሰዓታት ሞቅ እንዳለ ይቆያል። በተለይ በትልቅ ድስት የሚበስል ምግብ ላይ የሚታወቅ ባክቴሪያ አለ፤ ዘሩ በመፍላት አይሞትም፣ ወጡ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ይነቃና ይራባል። እኔ ድሮ እንደ ሠራሁት ጠለቅ በማይሉ ሳህኖች ተከፋፍሎ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ መግባት፣ ጠዋትም እስከ መሐሉ ተንተክትኮ መውጣት አለበት። ማቀዝቀዣቸው ግን አንዲት ትንሽ ናት፤ እሷም ኢንሱሊንና ሌላ መድኃኒት ይዛለች። ምግብ ከመድኃኒት ጋር መግባት የለበትም። ስለዚህ ሁለተኛ ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል።

በረኪናውን አሁን በልኩ ያውቁታል፤ ትውከት ለወደቀበት ወለል መጀመሪያ ቆሻሻው ይነሣል፣ ከዚያ 5 በመቶ የሆነው በረኪና አንድ እጅ ለዘጠኝ እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ይፈስበትና 10 ደቂቃ ይቆያል። ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቀልም፤ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል።

ክፍያው ከጡረታዬ ከግማሽ በላይ ይወስዳል፤ የቀረውን ወንድሜ ይሞላል። ለአልጋው፣ ለሙቀቱ፣ ለሲስተር እንክብካቤ ብቻ ቢሆን ከአምስት አምስት እሰጥ ነበር። ለውሃውና ለማዕዱ አራት። ለወጥ ቤቱ ሁለት። ለታመመ ሠራተኛ ደመወዝ ግን ምንም አልሰጥም። በአጠቃላይ ሦስት ብዬ ጽፌዋለሁ፤ እናቴንም አላወጣኋትም።

ልትጎበኙ የምትሄዱ ከሆነ በምሳ ሰዓት፣ ሳትናገሩ ሂዱ። ውሃው ከየት እንደሚቀዳ እዩ፤ ጠጡበት ሲሏችሁ በየትኛው ኩባያ እንደሚሰጧችሁ እዩ። በሶ የምትጨብጠውን ልጅ ትናንት ደኅና አድራ እንደ ሆነ፣ ካልሆነም ቤቷ ብትተኛ ደመወዟ ይቆረጥ እንደ ሆነ ጠይቁ። ማቀዝቀዣው እስከ ፋሲካ እንደሚገዛ ባለቤቱ ቃል ገብተዋል። ከፋሲካ በኋላ አይቼ ይህን ጽሑፍ አስተካክላለሁ።